አድማጩ የተናገረበት ችሎት

ግንቡ በተጀመረ በአርባ አንደኛው ዓመት፣ ኅዳር ስምንት ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጓንጉል የሚባል አድማጭ በችሎት ፊት ቆሞ ተናገረ። ከዚያ በፊት በችሎት የተናገረ አድማጭ አልነበረም።

ወሬው ከአደባባዩ ተነሥቶ ታችኛው ገበያ ለመድረስ አንድ ቁና ጤፍ የሚሰፈርበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ሽንኩርት ሻጮች ሽንኩርታቸውን በትነው ሮጡ። ራሱን ግማሽ የተላጨ ሰው ከምላጩ ሥር አምልጦ፣ የቀረው ፀጉሩ በነፋስ እየተርገበገበ ዳገቱን ሲወጣ ታይቷል። «ምን አለ? ምን አለ?» ይባባላሉ። መልሱን የሚያውቅ የለም። የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አድማጭ አፍ አወጣ።

ይህ ለምን ያን ያህል እንዳስሮጣቸው ለመረዳት የአገሩን ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያ አገር ለአቅመ ሥራ የደረሰ ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በየሳምንቱ አንድ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ አንሥቶ፣ ዳገቱን ተሸክሞ ወጥቶ፣ ለግንቡ ያስረክባል። ድንጋዩ የአንድ ሙክት ክብደት አለው። ዳገቱን ጎህ ሲቀድ የጀመረ ጤነኛ ሰው እኩለ ቀን ላይ ይጨርሰዋል። ግንቡ ምን ከምን እንደሚለይ የሚያውቅ ሰው አለ ይባላል፤ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

የታመመ ሰው ከድንጋይ ይፈታል። ከንጉሡ ጎተራም በየወሩ ሁለት ቁና እህል ድርጎ ይሰፈርለታል። እጁ የተቆረጠ ወይም ዓይኑ የጠፋ ሰው ሹሙ ፊት ቀርቦ ጉድለቱን ያሳያል፤ በዚያው ቀን ይፈታል። ነገሩ የሚከብደው የማይታይ ሕመም ሲመጣ ነው። ለማይታይ ሕመም አገሩ ቃጭል አለው።

የቃጭሉ ሕግ ሦስት ሐረግ ብቻ ነው፤ ልጆች ገመድ ሲዘሉ ይሉታል።

ሕመም ሰውን ያናውጻል፤
የተናወጸ ቃጭል ይጮኻል፤
ያልጮኸለት አላመመውም።

አመልካቹ በሚያመው ቦታ ላይ ትንሽ የናስ ቃጭል በጠፍር ይታሰርበታል። ሠላሳ ቀን አይፈታም። አንድ አድማጭ ከፀሐይ መውጫ እስከ መግቢያ በደጃፉ ይቀመጣል። አድማጩ ጀርባውን ለቤቱ ይሰጣል፤ በሕጉ የሚሠራው ጆሮ ነው፣ ዓይን አይደለም። ከአመልካቹ ጋር አይነጋገርም፤ ከቤቱ እህል ውኃ አይቀምስም። ቃጭሉ አንድ ጊዜ ሲጮኽ በበትሩ ላይ አንድ ጊዜ በቢላ ይቀርፃል። አመልካቹ ድንጋይ በሚሸከምበት ቀን ቃጭሉ በጨርቅ ይታፈናል፤ የድንጋይ ሕመም የሁሉም ስለሆነ አይቆጠርም።

በሠላሳ ቀን ሦስት መቶ የሞላለት ይፈታል። ያልሞላለት ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ሰው በአደባባይ አታላይ ተብሎ ይጠራል፣ ድንጋዩም ሁለት ይሆንበታል። ሁለቱን ማስረከብ ያቃተው ቤቱን ዘግቶ ከግንቡ ማዶ ይወጣል። ከማዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን የለም።

በዚህ መንገድ የተፈቱ ሰዎች ነበሩ። ስሙ በሰፊው የሚነሣው ከበሮ መቺው ቸኮል ነው። ትከሻዬን ያመኛል ብሎ አመለከተ፤ ቃጭሉ ትከሻው ላይ ታሰረ፤ በዚያው ሳምንት ሁለት ሠርግ ነበረበት። ሦስት መቶውን በአራት ቀን ጨረሰ። በቃጭል ጉዳይ የሚፈርዱት የጆሮ ሹሙ አዛዥ ወሰኔ በትሩን እያገላበጡ፣ «እንዲህ ያለ ሥቃይ በዘመኔ አላየሁም» ብለው ራሳቸውን እንደነቀነቁ በቦታው የነበሩ ሰዎች ይናገራሉ።

አንጓች ወንፊት ሠሪ ናት። ዕድሜዋ አርባ ሁለት ነው፤ ከታናሽ እህቷ ከጠጂቱ ጋር ከዳገቱ ሥር ትኖራለች። ችሎቱ ከመዋሉ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከበላይዋ ይወጣ ከነበረ ሰው ትከሻ ያመለጠ ድንጋይ ተንከባሎ ዳሌዋን መታት። ወጌሻ አሰራት። በሦስት ወር አጥንቷ ገጠመ። ሕመሙ ግን አልሄደም። ከውጭ የሚታይ ጠባሳ የለም፣ እብጠት የለም። ድንጋይዋን በየሳምንቱ ትሸከማለች፤ ሌላው በእኩለ ቀን የሚጨርሰውን ዳገት እሷ የምትጨርሰው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ትተኛለች። ጠጂቱ ልትሸከምላት አትችልም፤ ድንጋይ የሚወርደው ከባለቤቱ ትከሻ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ልታመለክት ስትሄድ የቃጭል ጠባቂው ጠየቃት።

«ሕመምሽ ምን ይመስላል?»

«ጥርስ ሕመም ወርዶ ዳሌ ላይ ቢቀመጥ እንደዚያ ነው።»

«ይጮኻል?»

«እሱስ ዝም ብሎ ነው የሚሠራ።»

«ዝም የሚል ሕመም የለንም» አለና ቃጭሉን አሰረላት።

በሠላሳ ቀን ውስጥ ቃጭሏ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለዓመታት ከሕመም ጋር የኖረ ሰው ሕመሙ የት እንደሚተኛና በምን እንደሚነቃ ያውቃል። አንጓች ከመደብ ስትነሣ መጀመሪያ በጎኗ ትዞራለች፤ ቀጥሎ ክርኗን ትተክላለች፤ ትንሽ ትቆያለች፤ ከዚያ እግሯን ታወርዳለች። የምትራመደው እንቁላል የሞላ ቅርጫት እንደያዘ ሰው ነው። ያልተነካ ሕመም አያናውጽም፤ ያልተናወጸ ቃጭል አይጮኽም። ከዐሥራ አንዱ አራቱን ያስጮኸችው ደግሞ ጭኗ ላይ ዘልላ የወጣች ዶሮ ናት። ጸሐፊው የተመለሰችበትን ቃል አነበበላት፤ «ሕመምሽ ዐሥራ አንድ ሆኖ ተገኝቷል።»

ለሁለተኛው ማመልከቻ ሐሳቡን ያመጣችው ጠጂቱ ናት።

«እታለም፣ እነሱ የሚፈልጉት ጩኸት ነው። እናስጩኽላቸው።»

«እንዴት አድርጌ?»

«እንደ ጤነኛ ሰው ተንቀሳቀሺ።»

«እንደ ጤነኛ መንቀሳቀስ ብችል ምን ቆርጦኝ አመለክታለሁ?»

«ቸኮልን ጠይቂዋ! ሰውየው እስክስታ ወርዶ ተፈታ እኮ።»

አንጓች ሞከረችው። ጎንበስ ብላ ቤት ጠረገች። ያልወደቀ ዕቃ አነሣች። ድንጋይ በማትሸከምበት ቀን ሁሉ ዐሥራ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንድ ቀን ዐሥራ አምስት ጊዜ ቃጭሉ ጮኸ። አመሻሽ ላይ የወንፊት ክፈፍ በጥርሷ ነክሳ ትተኛለች፤ በዚያ ወር ከሠራቻቸው ወንፊቶች አብዛኞቹ የጥርስ ምልክት አለባቸው። ጠጂቱ በግድግዳው ላይ በከሰል ትቆጥራለች። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ሦስት መቶ ስድስት ሞላ። ጎረቤት ጠላ ይዞ መጣ፤ ጠጂቱ እህቷን ልታቅፍ ሮጣ መሐል ላይ ትዝ ብሏት ቆመች፤ እጇን ብቻ ሳመቻት። «ተፈታሽ እታለም! ተፈታሽ!» ትላለች።

አዛዥ ወሰኔ በትሩን ተቀብለው ቆጠሩ። ቁጥሩ ልክ መሆኑንም አመኑ። ከዚያ ይህን ወሰኑ፤ «ቃጭሉ የታሰረው ወገብ አጠገብ ነው። ሦስት መቶ ስድስት ጊዜ ከጮኸ፣ ወገቡ ሦስት መቶ ስድስት ጊዜ ጎንበስ ቀና ብሏል። እንዲህ ያለ ወገብ ድንጋይ ለመሸከም ብቁ ነው።»

ጠጂቱ ከኋላ ጮኸች። «ቸኮልስ ጌታዬ?»

«የቸኮል ቃጭል ትከሻው ላይ ነበር» አሉ ሹሙ።

«ድንጋይ የሚሸከሙት በምንድን ነው?»

«በትከሻ።»

«ታዲያ?»

ጸሐፊው ፈጠን ብሎ፣ «የሚቀጥለው ይግባ!» አለ።

የቀረችው አንድ ማመልከቻ ነበረች። ጎረቤት ሁሉ ተዪው አላት። አንዱን ድንጋይ እየተንፏቀቅሽም ቢሆን ታደርሺያለሽ፤ ሁለት ቢሆንብሽ ግን ወደ ማዶ መውጣትሽ ነው አሏት። አንጓች ሰማቻቸው። በዚያ ሳምንት ድንጋይዋን ያስረከበችው ከጨለመ በኋላ ነው፤ ዘበኛው በሩን እስከ መዝጋት ደርሶ ነበር። በማግሥቱ ተኝታ ሳለች ለእህቷ እንዲህ አለቻት።

«አንዱንም ከመስቀል በኋላ የምችለው አይመስለኝም። ሄጄ ላመልክት።»

«እሺ። በምን ዘዴ?»

«በምንም። እንደምኖረው እኖራለሁ። ይስሙኝ።»

ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አድማጩ መጣ። ጓንጉል ይባላል፤ ዕድሜው አምሳ ስምንት ነው፤ ቀጭን፣ ከአንገቱ ጎበጥ ያለ። በርጩማውንና የውኃ ቅሉን ይዞ መጥቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። አድማጭም እንደ ማንኛውም ሰው የራሱን ድንጋይ በየሳምንቱ ያስረክባል፤ በዚያ ቀን ተለዋጭ ይመጣል። በቀሩት ቀናት ሁሉ ጓንጉል ከደጃፉ አልጠፋም።

ጠጂቱ በገባች በወጣች ቁጥር ትነካካው ነበር።

«አያ ጓንጉል፣ ጆሮዎን ከቤት ረስተውት መጡ እንዴ?»

ጓንጉል ቅሉን አንሥቶ ውኃ ጠጣ።

«ኧረ ቢላው ዛገ! ቢያንስ ብዕር ይቅረጹበት።»

አድማጭ አይናገርም። ጠጂቱ ያስተዋለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የጓንጉል አንገት ትንሽ ወደ ቤቱ ዞር ሊል ጀምሮ እንደገና ተመልሷል።

ኅዳር ስምንት ቀን ጠዋት ሦስቱ ወደ አደባባዩ ወጡ። የሦስተኛ ማመልከቻ ችሎት የሚዋለው በአደባባዩ በእንጨት መድረክ ላይ ነው፤ አታላይ የሚባለው ሰው ለሁሉም እንዲታይ ነው ይላሉ። ያን ቀን የመጣው ሰው ሠላሳ አይሞላም ነበር። አታላይ ሲባል ማየት ለአገሩ ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

«በትሩ» አሉ አዛዥ ወሰኔ።

ጸሐፊው ከጓንጉል እጅ ተቀብሎ ቆጠረ። «ዘጠኝ።»

«ከመጀመሪያውም አነሰ?»

«በሁለት አነሰ ጌታዬ።»

ከተመልካቹ መካከል አንዱ፣ «እየተሻላት ነዋ!» ብሎ አሳቀ። ጠጂቱ ሰውየውን አየችው፤ እሱም ከሌላ ሰው ኋላ ተሸሸገ። ሹሙ የአታላይ ቃል የተጻፈበትን ብራና ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። አንጓች የመድረኩን ቋሚ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ የሚታይ ነገር የለም።

«ጌታዬ» አለ ጓንጉል። «አልጨረስኩም።»

የሹሙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጸሐፊው ብራናውን ጣለው። ከተመልካቹ አንዲት ሴት፣ «ኧረ ተናገረ!» ብላ ጮኸች፤ ከመድረኩ ጥግ የቆሙ ሁለት ሰዎችም ወደ ገበያው ቁልቁል በረሩ።

«አድማጭ ያደምጣል እንጂ አይናገርም» አሉ ሹሙ።

«የምናገረው ያደመጥኩትን ነው።»

«ያደመጥከው በበትሩ ላይ አለ። ዘጠኝ ነው።»

«በበትሩ ላይ ያለው ቃጭሉ ነው ጌታዬ። እኔ ሠላሳ ቀን ስቀመጥ ከቃጭሉ ሌላም ሰምቻለሁ።»

አዛዥ ወሰኔ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከፊት የቆሙት ግን ሰምተዋል። «ደግመህ አስብ፣ ጓንጉል። አድማጭ ሰምቶ ዝም ሲል ሰማ ይባላል። ከተናገረ ግን መሰከረ ነው የሚባለው።»

«አስቤ ነው የመጣሁት። መሰከረ በሉኝ።»

በዚህ ጊዜ የገበያው ሰው ዳገቱን ጨርሶ መድረስ ጀምሯል። ከኋላ ያሉት ከፊት ያሉትን ይጠይቃሉ፤ ከፊት ያሉት «ዝም በሉ፣ እንስማ!» ይላሉ። አደባባዩ እንደ ንብ ቀፎ ይተማል። «ይመስክር! ይመስክር!» የሚለው ድምፅ ከየት እንደ ጀመረ አልታወቀም፤ በአንድ አፍታ ግን የሁሉም ሆነ። ሹሙ ወደ ጸሐፊው ዞሩ። ጸሐፊው በጆሯቸው አንድ ነገር ነገራቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ተናገር» አሉ።

ጓንጉል እጁን አጣምሮ፣ ከገበያ የሚገዛውን ዕቃ እንደሚዘረዝር ሰው ተናገረ።

«በሦስተኛው ቀን ጠዋት ማንኪያ ወደቀ።»

«ምን?»

«የእንጨት ማንኪያ ጌታዬ። ማንኪያ ሲወድቅ ይሰማል፤ ሲነሣም መሬቱን ፋቅ ስለሚያደርግ ይሰማል። ይህኛው ሲነሣ አልሰማሁም። የተነሣው እህቷ ከገበያ ስትመለስ ነው። ሲወድቅ ፀሐይ ግንባሬ ላይ ነበረች፤ ሲነሣ ማጅራቴን ትመታኝ ነበር።»

ከፊት የቆሙት ወደ መድረኩ ተጠጉ።

«በዐሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤቷ መጥታ ቀልድ ነገረቻቸው።»

«የምን ቀልድ?»

«ስለ ቸኮል ነው ጌታዬ።»

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ቸኮል ራሱ መሐላቸው ነበር፤ ነጠላውን ወደ ዓይኑ ሳበው። ጓንጉል ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

«እንዲህ ነው፤ እህቷም ጎረቤቷም እንደዚህ ሳቁ። አንጓች ግን ጀመረችና መሐል ላይ በጠሰችው። ሳቅ ሲበጠስ ይሰማል። በሠላሳ ቀን ውስጥ አንድም ሳቅ ጨርሳ አታውቅም።»

«ሌላስ?» አሉ ሹሙ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው መቀየሩን ብዙ ሰው ይናገራል።

«ከመደቡ እስከ ምድጃው እህቷ በሰባት እርምጃ ትደርሳለች። እሷ በዐሥራ ዘጠኝ። በተቀመጥኩበት ቀን ሁሉ ቆጥሬያለሁ። ዐሥራ ስምንት የሆነበት ቀን የለም። ሃያ ሦስት የሆነበት አለ፤ ድንጋይ ባስረከበች ማግሥት ነው።»

አዛዥ ወሰኔ ከወንበራቸው ተነሡ። «ሰባትና ዐሥራ ዘጠኝ» አሉ። «መድረኩ እንጨት ነው። እዚሁ እንስማው።»

ያኔ የሆነውን ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ይነሣሉ እንጂ ተቀምጠው አይጨርሱትም። ሹሙ ዓይናቸውን በመቀነት አሰሩ። ጓንጉል ጀርባውን ሰጠ። አንድ ነጋዴ የበቅሎውን አፍ በሁለት እጁ ያዘ። የሚያለቅስ ሕፃን ጡት ተሰጠው። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከገበያ የመጣው፣ ከካባው የመጣው፣ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

ጠጂቱ አንጓች ከያዘችው ቋሚ እስከ ሹሙ ወንበር ተራመደች፤ ርቀቱ ከመደብ እስከ ምድጃ ያህል ነው። ሰባት።

«እንደ ፍየል ናት» አለ አንድ ሰው በሹክሹክታ፤ ጎኑ የቆመችው ሚስቱ በክርኗ ወጋችው።

አንጓች ቋሚውን ለቀቀች። የመጀመሪያው እርምጃ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። እግሯን ከእንጨቱ አታነሣም፤ ትስበዋለች፤ ከዚያ ታሳርፈዋለች። በአምስተኛው ላይ ከሕዝቡ መካከል የሚቆጥር ሹክሹክታ ተነሣ። በዐሥረኛው ላይ መቶ ሰው ይቆጥር ነበር። ዐሥራ ሦስት። ዐሥራ አራት። ድምፁ እያደገ ሄደ። ዐሥራ ሰባት። ዐሥራ ስምንት። ቆመች። በእሷና በወንበሩ መካከል የቀረው አንድ ስንዝር ነው። አንድ አረጋዊ ተሸካሚ፣ «አይዞሽ እናቴ፣ አንዲት ናት!» ብለው ጮኹ። እግሯን ሳበችው።

«ዐሥራ ዘጠኝ!»

ይህን ያለው አደባባዩ በሙሉ ነው። ከግንቡ ላይ እርግቦች ተነሡ።

ሹሙ መቀነቱን ፈቱ። አንጓች ፊታቸው ቆማለች፤ ላብ ከግንባሯ ይንጠባጠባል። «ቃጭሉስ?» ብለው ጠየቁ።

«አንድ ጊዜም አልጮኸም ጌታዬ» አለ ጸሐፊው።

«ታዲያ ጓንጉል፣ ሕመሙ የቱ ጋ ነው?»

ጓንጉል ጀርባውን እንደሰጠ መለሰ። «ከሰባቱ የተረፉት ዐሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ናቸው ጌታዬ።»

አዛዥ ወሰኔ ከጸሐፊው ጋር ረዥም ጊዜ ተንሾካሾኩ። ሕዝቡ በእግሩ ጣት ቆሟል። በመጨረሻ ሹሙ ዘወር ብለው ፍርዱን ሰጡ። «ቃጭሉ አልመሰከረም። ሰው መስክሯል። ሕጉ ይህንንም ይቀበላል። አንጓች ከዛሬ ጀምሮ ከድንጋይ ተፈትታለች።»

እልልታው እስከ ካባው ተሰምቷል፤ ድንጋይ ይፈልጡ የነበሩ ሰዎች ንጉሡ ወንድ ልጅ ወለዱ ብለው መዶሻቸውን አስቀመጡ። ወጣቶች መድረኩን ዘልለው አንጓችን በትከሻቸው ሊያነሷት ያዟት።

«አትንኩኝ! ኧረ ልጆቼ አውርዱኝ፣ ትገድሉኛላችሁ!»

በሠላሳ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ብቻ የጮኸው ቃጭል ያን ጊዜ እንደ ምጽአት ቀን ጮኸ። ጸሐፊው ሳያስበው የብዕር መቅረጫ ቢላውን አንሥቶ በትሩ ላይ መቅረፅ ጀመረ፤ ዐሥራ አራት ላይ ሲደርስ የሚያደርገው ገብቶት አቆመ። ጠጂቱ ወጣቶቹን በነጠላዋ እየገረፈች በተነቻቸው። ጠፍሩን በጥርሷ ፈትታ ቃጭሉን ከእህቷ ዳሌ አወረደች፤ ሕዝቡም እየተቀባበለ ሳመው።

አንጓች ትንፋሿ ሲመለስ፣ «አያ ጓንጉል የታለ?» አለች። በርጩማውን ይዞ በላይኛው መንገድ ሄዷል አሏት። ያን ዕለት ጎረቤቷ ያቺኑ የቸኮልን ቀልድ ደግማ ነገረቻት፤ አንጓች ሳቋን አሁንም መሐል ላይ በጠሰችው። ቤቷ ያደረሷት ሰዎች በአህያ ላይ ትራስ አንጥፈው ስለነበር በዝግታ ሄዱ፤ መንገዱ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቶ ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ሁለት መቶ ሰዎች አመለከቱ። አብዛኞቹ ለዓመታት ሕመማቸውን ይዘው የተቀመጡ ናቸው፤ ራሱን የሚከፍለው፣ አንጀቱን የሚያስረው፣ ጉልበቷ በዝናብ ቀን የማይታጠፍላት። ከዚህ በኋላ ቃጭል ምን ያደርጋል፣ ጆሮ አለን ተባለ። ሰዎች ሆን ብለው ማንኪያ ጣሉ፤ ከመደብ እስከ ምድጃ ጮክ ብለው ቆጠሩ። አድማጮቹ በየደጃፉ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። የታኅሣሥ ችሎት ሲደርስ በትራቸውን ብቻ አስረከቡ። ከመካከላቸው አንድም የተናገረ የለም። ሕዝቡ ተቆጣ፤ አድማጭ ሲያልፍ «ደንቆሮ!» ማለት ተጀመረ፤ የበሰበሰ ሽንኩርትም ተወርውሯል። እኒህ ሰዎች ከጓንጉል በምን ይለያሉ የሚለው የገበያው ጥያቄ ነበር። ልባቸው ድንጋይ ነው የሚል መልስም ተገኘለት።

ጥር ወር ላይ የሕጉን ብራና አይጥ ስለበላው ጸሐፊው እንደገና እንዲገለብጠው ታዘዘ። አዲስ የተጻፈ ብራና ቀለሙ እስኪደርቅ በአደባባይ ሦስት ቀን ይሰቀላል። ማንበብ የሚችል ሁሉ ወጥቶ አነበበው። ከሥሩ፣ ከቃጭሉ ሕግ በታች፣ በደቃቅ ጽሕፈት እንዲህ የሚል አንቀጽ ነበረበት።

«ቃጭል ትከሻ የለውም፤ ሰው ግን አለው። ስለዚህ ቃጭል መስክሮለት የተፈታ ሰው ድንጋዩ ይሠረዛል። ሰው መስክሮለት የተፈታ ሰው ድንጋይ ግን በመሰከረለት ሰው ትከሻ ላይ ይሆናል፤ እስከ ዕለተ ሞቱም አይወርድም። ይህ አንቀጽ ለአድማጭ ሁሉ በመሐላው ቀን ይነበብ። ለአመልካች አይነበብ።»

አንጓች በአህያ ተጭና መጥታ ሁለት ጊዜ አስነበበችው።

የግንቡ ዘበኛ ሲጠየቅ፣ ጓንጉል ከኅዳር ዐሥራ አንድ ጀምሮ በየሳምንቱ ሰኞ አንድ፣ ሐሙስ አንድ፣ ሁለት ድንጋይ እንደሚያስረክብ ተናገረ። ቅጣት መስሎት እንዳልጠየቀውም አስረዳ። ጓንጉል በአድማጭነት የማለው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ከአንጓች በፊት በሠላሳ አራት ሰዎች ደጃፍ ተቀምጧል።